አንድ ስም ብቻ የቀረለት ወንድሜ

ይህ የሆነው እኔና ታላቅ ወንድሜ ተሰማ ከሌሎች ነጋዴዎች ጋር ከወንበራ አሞሌ ጨውና በርበሬ ጭነን፣ ዓባይን እየተሻገርን ወደ ቆላው አገር ወደ መንጌ እንነግድ በነበረበት ዘመን ነው። የንጉሡ ጦር ወደዚያ አገር ከወረደ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። የዚያን ዘመን ነገር አብዛኛውን ረስቼዋለሁ፤ ይህን ግን ልርሳው ብልም እምቢ ብሎኛል።

መንጌ ስንወርድ የምናርፈው አብደላ ከሚባል የአገሩ ተወላጅ ግቢ ነበር። ሽማግሌ ነው። ሚስቱና ምራቶቹ ከወንዝ አሸዋ ወርቅ ያጥባሉ። አማርኛን ከነጋዴ ለቃቅሞ እየሰበረም ቢሆን ይግባባናል።

ያን ዓመት መመለሻችን ዘግይቶ ነበር። ሙቀቱ ናላ ያዞራል፣ የበቅሎዎቹ ጀርባ ቆስሏል፣ ግማሾቻችንን ንዳድ ይዞን ይለቀናል። ዝናብ ቀድሞን ዓባይ ከሞላ ደግሞ ክረምቱን እዚያው መቅረት ነው። እርስ በርሳችን እንኳ በደህና መነጋገር ትተን ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ስንጭን ተሰማ ጭነቱን በአንድ ወገን በትከሻው ደግፎ፣ በሌላው ወገን እንዲይዝለት አብደላን ይጠራል። "አብደላ! አብደላ!" ደግሞ ሊጠራ ሲል ወደቀ።

ብድግ ስናደርገው ቀኝ እጁ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠለጠለ፤ አፉም ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። ዓይኑ ግን ያውቀናል። ምን ሆንክ አልኩት። "አብደላ" አለ። የት ላይ ነው የሚያምህ አልኩት። "አብደላ" አለ።

የጓዛችን አለቃ ባሻ ጎሹ ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። በእኛ አገር ቡዳ የበላው ሰው ሲጠየቅ የበላውን ሰው ስም ይለፈልፋል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ምስክር አይፈለግም። ባሻ ነጭ ሽንኩርት ጨፍልቆ በተሰማ አፍንጫ ሥር ያዘና ማን ነው የበላህ ብሎ ጠየቀው። ወንድሜ ምን ይበል? "አብደላ" አለ። ደጋግሞ ጠየቀው፤ ደጋግሞ ያንኑ አለ።

ሽማግሌውን በጭነት ገመድ የፊጥኝ አሰሩት። እንደ ልማዱ እንትፍ በልበትና ልቀቀው አሉት። እንትፍ አለ። ተሰማ አልተሻለውም። እንግዲያው አልለቅም ብሏል፣ ለጦሩ ሰፈር እናስረክበዋለን አለ ባሻ። ያኔ እንዲህ ታስሮ ወደ ሰፈር የተወሰደ የአገሬው ሰው መመለሱን እንጃ። ከአጥሩ ውጭ ደግሞ የመንደሩ ጎረምሶች ጦር ይዘው መሰብሰብ ጀምረዋል።

አብደላ አልጮኸም፤ አልለመነም። "እሱ እኔን ጠራ። እኔ መጣ" አለ። "ሌላ ምን አለ?"

እኔም ለባሻ ይህንኑ ነገርኩት፤ ሲወድቅ እየጠራው ነበር፣ ቃሉ አፉ ላይ ቀርቶ ነው አልኩት። ባሻ ቃል እንደ አጥንት ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራል እንዴ ብሎ አፌዘብኝ። የእናታችንን ስም ንገረኝ ብዬ ተሰማን በሁሉም ፊት ጠየቅሁት። "አብደላ" አለ። መሳሳቱን ራሱ ሰማው፤ ራሱን ነቀነቀ፣ እንባውም ወረደ። ባሻ ግን ቡዳው የእናታችንን ስም ደብቆበት ነው አለ። ምንም ብል ወደዚያው ይጠመዝዙታል። ደከመኝ።

ሽማግሌው እንደታሰረ፣ ጎረምሶቹም ከአጥሩ ውጭ እንደቆሙ ቀኑ ዋለ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ በመንገድ ስንሆን እንደምናደርገው፣ ተሰብስበን ጸሎት ጀመርን። "አባታችን ሆይ በሰማያት የምትኖር" ስንል ከኋላችን አንድ ድምፅ ተቀላቀለ። ተሰማ ነው። አፉ እንደተጣመመ፣ እየተኮላተፈ፣ አንዲት ቃል ሳይዘል አሜን እስኪባል አብሮን ዘለቀ።

ባሻ ዞሮ አጠገቡ ተንበረከከ። "ተሰማ፣ ተሻለህ?" አለው።

"አብደላ" አለ።

ባሻ የተሰማን አፍ ትክ ብሎ አየ። በኋላ "ቡዳ የያዘው አፍ ይህን ጸሎት አይጨርስም" አለና ተነሥቶ ገመዱን በገዛ እጁ ፈታ። ይቅርታ አልጠየቀም። ነገ የምንጭንበት ነው ብሎ ገመዱን ጠቅልሎ ያዘ።

የሰው ጭንቅላት እንዴት እንደተሠራ አላውቅም። በልጅነት የተሸመደደው ነገር አንድ ጎተራ ውስጥ፣ በየቀኑ አስበን የምንናገረው ደግሞ ሌላ ጎተራ ውስጥ ይሆናል እላለሁ። የወንድሜ አንዱ ሲቃጠል ሌላው ተርፎ ነበር።

ጓደኞቻችን በማግስቱ ሄዱ። ተሰማ በቅሎ ላይ መቀመጥ ስለማይችል እኔም አብሬው ቀረሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ የት እንደምናርፍ ጨንቆኝ ስቆም አብደላ መጣ። የገመዱ ሰንበር እጁ ላይ ገና እንደቀላ ነው። ወንድሜን ከወዲያ በኩል ደገፈልኝና ወደ ጎጆው አስገባነው።

ክረምቱን ሙሉ ተሰማ ያንን ስም ሲጠራ ዋለ። ሽማግሌው በተጠራ ቁጥር "እኔ መጣ" ብሎ ይገባል። ውሃ ያቀርብለታል፤ ውሃ ካልሆነ ገንፎ፣ ገንፎ ካልሆነ ጎኑን ያዞረዋል፤ ወንድሜ ራሱን በእሺታ እስኪነቀንቅ ድረስ ይሞክራል። እኔ የሥጋ ወንድሙ የምሰለችበት ቀን ነበረ፤ እሱ ግን ሲሰለች አላየሁም።

መንገድ ሲከፈት ወደ ወንበራ ወሰድኩት። ብዙ ዓመት ኖረ፤ ከጸሎቱ በቀር ሌላ ቃል አልተመለሰለትም። ሚስቱን ጥሩነሽንም አብደላ ነበር የሚላት። መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥሎ ተቆጣች፣ በኋላ ግን አቤት ማለት ለመደች።

አሁን ወንድሜ የለም፤ እኔም ንግዱን ትቻለሁ። በባሻ ላይ ቂም የለኝም፤ ሁላችንም ደክሞን ነበር። ነገሩን ሳስበው ዛሬም ያው ድካም ይመለስብኛል። አብደላን ግን ደግሜ አለማየቴ ያሳዝነኛል።

በቅርቡ ከጥሩነሽ ጋር ከገበያ ስንመለስ አንድ እስላም ነጋዴ ከኋላችን ጓደኛውን "አብደላ!" ብሎ ተጣራ።

"አቤት" አለችና ዞረች።

ከዚያ መንገዱ ላይ ቆማ ቀረች። እኔም የያዘችውን ዘንቢል ተቀበልኳትና ቀስ እያልን ወደ ቤት ሄድን።