የጅጅጋዋ ጀልባ

ዛሬ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ፣ ባጃጅ ላይ የተጫነ ድምፅ ማጉያ ሰፈሩን ሲያምሰው ደረስኩ። «በሐይቁ ዳር ያለ ጠባቂ ጀልባ ያቆማችሁ ባለንብረቶች! በአንድ ሳምንት ውስጥ በደንቡ መሠረት እንድታስሩ፣ ካልሆነም እንድታነሱ!» ይላል። ሰሞኑን በተነሣው ነፋስ፣ ባለቤታቸው ዞር ብሎ ያላያቸው ጀልባዎች ገመዳቸውን በጥሰው፣ የሰው መረብ እየቀደዱ ሐይቁ ላይ ሲንከራተቱ ሰንብተዋል። የምኖረው ዝዋይ ነው። አሁን ባቱ ነው የምትባለው፣ አፌ ግን አልለመደልኝም። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። ሻጭዋ «ምነው፣ ደግ ነገር ሰማሽ?» አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት? ጀልባ እሰሩ የሚል አዋጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ጅጅጋ ነው ብላት ታምነኛለች? ጅጅጋ! ውሃ በጀሪካን እየተገዛ በሚጠጣበት ከተማ!

ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፤ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ መኮንን የዝዋይ ሰው ነው። ጅጅጋ የሄደው ትንሽ ነግዶ ሊመለስ ነበር። የሚስማርና የቆርቆሮ ሱቅ ከፈተ፣ እናቴን አገባ፣ እኔን ወለደ፣ ትንሽ ያለው ጊዜም ጸጉሩን አሸበተው። አፉ ግን ከዝዋይ አልተላቀቀም። እኛ እንደ ጎረቤቶቻችን ሩዝ ላይ ሙዝ ቆርሰን ስንበላ እሱ ስለ ዓሣ ያወራል። «ይኼም ምግብ ሆኖ!» ይላል፣ ሳህኑን ግን ጠርጎ ነው የሚያስቀምጠው።

ጀልባዋን ያገኛት ድንበሩ ላይ፣ ቶጎጫሌ ነው። ለዕቃ ሄዶ፣ ከበርበራ ወደብ በመጣ የጭነት መኪና ላይ፣ በሩዝ ጆንያና በፓስታ ካርቶን መሀል ተደፍታ አያት። ሰማያዊ ቀለም የተቀባች የእንጨት ጀልባ ናት። ማን እንዳዘዛት የሚያውቅ የለም፤ ነጋዴው ራሱ ፈልጦ ለማገዶ ሊሸጣት እያሰበ ነበር አሉ። አባቴ ቆርቆሮውን ትቶ ጀልባ ጭኖ መጣ። እናቴ በር ላይ ቆማ አየችና «አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም?» አለችው።

«ወደ ሀገሬ የምገባባት ናት» አላት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ ጀልባዋን «ጣውንቴ» እያለች ነው የምትጠራት። አመሻሽ ላይ ከተጣሉ «ሂድ ጣውንቴ ጋ እደር!» ትለዋለች።

ሀሳቡ ዝዋይ ገብቶ ሰው ወደ ደሴቶቹ ማመላለስ ነበር። «ከመስከረም በኋላ እንሄዳለን» ይላል፤ መስከረም ይመጣል፣ ይሄዳል። ግቢያችን ስላልበቃት፣ ሶማሌዎቹ ቶግ በሚሉት ደረቅ ወንዝ ዳር አቆማት። መጀመሪያ ሰሞን ፀሐይ የሰነጠቀውን በሬንጅ ይደፍን ነበር። በኋላ ግን ተወው። ፍየሎች ተኙባት፣ ሴቶች ልብስ አሰጡባት፤ እኔና ጓደኛዬ ሆዳንም ውስጧ ተቀምጠን ስንት ምሥጢር አወራን። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ፣ ሄል የበዛበት የወተት ሻይ በብርጭቆ ይዘን፣ ከካራማራ ተራራ በኩል የሚመጣው ቀዝቃዛ ነፋስ ፊታችንን ሲዳብሰን… ወይኔ! እንዲያ ያለ ነፋስ ከዚያ በኋላ የትም አላገኘሁም።

የሆዳን አባት ፋራህ የቀበሌያችን ተጠሪ ነበር። የሀርሺን ሰው ነው፤ ከግመል ጋር ነው ያደገው። አማርኛው እንደ ውሃ ነው፣ ሲናደድ ብቻ ሶማሊኛ ይቀላቅልበታል። በፊተኛው ዓመት ጎርፍ ጋሪና በርሜል እየጠራረገ ወስዶ የእግረኛውን ድልድይ ሰብሮት ስለነበር፣ ፋራህ ደንብ አወጣ። በወንዙ ዳር የቆመ ማንኛውም ዕቃ ጠንካራ ነገር ላይ ይታሰር፤ ገመዱም ከአንድ ክንድ አይብለጥ። ወይ እሰር፣ ወይ አንሣ!

ያን ቀን ማታ አባቴ እራቱን ሳይጨርስ ተነሣ። «በቃ፣ አነሣታለሁ» አለ። «መኪና አነጋግሬያለሁ። የልጅቷ ፈተና ሲያልቅ፣ ሰኔ ላይ፣ ጠቅልለን እንገባለን።» እናቴ እንደ ወትሮዋ አላሾፈችም። ድምፁ የምር ነበር። እኔ ግን ዝዋይን አንድ ጊዜ እንኳ አይቻት አላውቅም፤ ሀገሬ ያ አቧራ ነው፣ ሆዳን ናት። አልጋዬ ላይ ተጠቅልዬ አለቀስኩ፤ አምላኬንም ጀልባዋን አንድ ነገር አድርግልኝ ብዬ ለመንኩት።

እስከ ሰኔ ድረስ ግን መታሰር ነበረባት። አባቴ ከሱቁ አዲስ ገመድ አውጥቶ፣ ዳር ላይ ሲሚንቶ ውስጥ የተቀበረ የብረት ቀለበት ላይ አሰራት። ፋራህ ሊያይ መጣ። ገመዱን ሳብ አደረገና ራሱን ነቀነቀ።

«መኮንን፣ ይኼ ልል ነው። አንድ ክንድ ነው ያልነው።»

«ጀልባ እንዲህ ነው የሚታሰር፣ ፋራህ። ውሃው ከፍ ሲል አብራ ከፍ ማለት አለባት።»

«የቱ ውሃ?»

ሁላችንም ወደ ወንዙ ዞርን። አሸዋ፣ ፌስታል፣ ጨርቅ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች። የተሰበሰበው ሰው በሳቅ ፈነዳ፤ አባቴም አብሮ ሳቀ። ፋራህ ጎንበስ ብሎ፣ የተንበረከከ ግመል ጉልበቱ ታጥፎ እንደሚታሰረው አድርጎ፣ የጀልባዋን አፍንጫ ቀለበቱ ላይ አጣብቆ አሰራት። «አሁን እንኳን እሷ፣ ኮርማ ግመልም አይነቃነቅ» አለ። አባቴ ከጎረቤት መጣላት አይወድም። እንደታሰረች ተዋት።

በልጉ ገባ፤ ሶማሌዎቹ ጉ ይሉታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከተማው ላይ ፀሐይ ደምቃ፣ ካራማራ ብቻ ጠቁሮ ሳለ፣ ከወንዙ በኩል ልጆች «ዳድ! ዳድ!» እያሉ ሲጮኹ ሰማን። ጎርፍ መጣ ማለታቸው ነው። አባቴ ሱቁን እንደተከፈተ ትቶ ሮጠ፤ እኔም ተከተልኩት።

ቡናማው ውሃ ቁጥቋጦና ጎማ እያንከባለለ ደረሰ። የጀልባዋ ኋላ ወደ ላይ ተነሣ፤ አፍንጫዋ ግን እንደታሰረ ነው፣ ውሃ ያስገባ ጀመር። አባቴ «ገመዱን ቁረጡላት! ትሰምጣለች!» ብሎ ጮኸ። ማን ይጠጋል? ድንገት ቀለበቱ ከነሲሚንቶው ተነቅሎ ወጣ። ጀልባዋ አንዴ ተወዛወዘችና ቀና ብላ ሄደች።

የአባቴን ፊት ያን ጊዜ ያየ ሰው! «ተንሳፈፈች!» አለኝ፣ ክንዴን ጨምድዶ ይዞ። «ትርሲት፣ እያት! ተንሳፈፈች እኮ!» ለካስ ከገዛት ጀምሮ ውሃ ላይ አይቷት አያውቅም። እየሳቀ እንባው ይወርዳል። እኔ እንድትጠፋ የለመንኩት ልጅ፣ ከማንም በላይ ጮኼ «ያዙልን! በፈጠራችሁ ያዙልን!» እያልኩ እሮጥ ጀመር። ሰፈሩ በሙሉ ሮጠ። ባለ ሻዩ ሮጠ፣ ጋሪ ነጂዎቹ ሮጡ፤ ፋራህ ሽርጡን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ በሶማሊኛ ራሱን እየተሳደበ ከሁሉም ፊት ሮጠ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ቋጥኝ ጋር ተላተመችና መሀል ለመሀል ተሰነጠቀች።

ውሃው ሲጎድል አባቴ እርጥቡ አሸዋ ላይ፣ አጠገቧ ተቀመጠ። ማንም ሊጠጋው አልደፈረም። ፋራህ ብቻ ሄዶ ጎኑ ተቀመጠ፤ እስከ ወገቡ ጭቃ ነው።

«ወላሂ መኮንን፣ ደንቡን ስጽፍ የማስበው ግመል ነበር» አለው።

አባቴ ዞር ብሎ አየው። ቆይቶ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እያለቀሰ ነው ብዬ ስቀርብ ሳቅ ነው፤ ፋራህም ያዘውና ሁለት ትልልቅ ሰዎች አሸዋው ላይ ተደጋግፈው ሳቁ።

በሳምንቱ የሰፈር ስብሰባ ተጠራ። ፋራህ ተነሥቶ ደንቡ ላይ የተጨመረውን አነበበ፦ «ጀልባ ያለው ሰው ግን ውሃው ሲነሣ አብራ እንድትነሣ ገመዱን አላልቶ ይሰር።» በጅጅጋ አንዲት ጀልባ ነበረች፤ እሷም ተሰብራለች። አንድም ሰው አልሳቀም። ሽማግሌዎቹ «ልክ ነው፣ ይጽደቅ» አሉና እጅ ወጣ። አባቴ ሊናገር ተነሣ። «ለእኔ ብቻ ተብሎ ሕግ የወጣበትን ከተማ ጥዬ እንግዲህ የት እሄዳለሁ?» ብሎ ተቀመጠ።

ሰኔ ላይ ያነጋገረው መኪና መጣ። አባቴ ሹፌሩን ምሳ ጋብዞ ባዶውን ሸኘው። ከዚያ ወዲያ ስለ ዝዋይ ማውራቱን አልተወም፤ መናፈቁንም አልተወም። እንሄዳለን የምትለዋን ብቻ ተዋት። ሲሞት እዚያው ቀበርነው፤ ፋራህም እንደ ወንድም ቆሞ ሰው ተቀበለልን።

እኔን ደግሞ ዕጣዬን እዩልኝ! ያገባሁት የመስኖ ባለሙያ ተመድቦ ዝዋይ አመጣኝ። አባቴ ዕድሜውን በሙሉ የተመኘው ሐይቅ በመስኮቴ ይታየኛል፣ ዓሣውም በየቀኑ አለ። ደህና ሀገር ናት፣ አልዋሽም፤ ሰዉም መልካም ነው። ግን ደመና ሳይኖር እርጥብ አቧራ የሸተተኝ ቀን ቆሜ ወደ ጅጅጋ አቅጣጫ አያለሁ። ሆዳን ስትደውል ሶማሊኛዬ እየተንተባተበ ነው፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወጥ ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ። አባቴን ያን ሁሉ ዘመን ምን ይበላው እንደነበር የገባኝ አሁን ነው፤ የምነግረው ግን የለም።

ዛሬ ዳቦውን ይዤ ስመለስ ልጄ በረንዳው ላይ ተቀምጦ እግሩን እያወዛወዘ ሐይቁን ያያል። «አንተ፣ የት ነው የሚናፍቅህ?» አልኩት።

ግራ ገብቶት አየኝ። «የት ይናፍቀኛል? እዚህ ነኝ እኮ» አለኝ።

ታድሎ።