ባለ ሁለት ጠርሙሱ ቦርሳ

ደብረ ብርሃን ውስጥ የስፖርት ዕቃ ሱቅ ገብቼ ለሩጫና ለእግር መንገድ የሚሆን የውሃ ቦርሳ ስመርጥ የባለሱቋ ትዕግሥት አለቀ። መጀመሪያ ያወረደችልኝ ባለ ቱቦውን ነው። ውሃው ጀርባ ላይ ይሆናል፣ ቱቦው በትከሻ በኩል አፍ ድረስ ይመጣል።

"እጅሽን እንኳ አታነሺም፤ እየሮጥሽ መጠጣት ነው" አለችኝ።

አዝዬው ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልኩ። ውሃው ጀርባዬ ላይ እንደ ወተት ይናጣል፤ የደረቱ ማሰሪያም ያንቃል። ይህን ሁሉ ሰበብ ደረደርኩ እንጂ ያልወደድኩት ሌላ ነገር ነበር።

"በዚህ ለሌላ ሰው ማንቆርቆር አይቻልም" አልኳት።

"ከማን ጋር ነው የምትሮጪው?"

የምሮጠው ብቻዬን ነው። ክርክራችን ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ፤ እሷም ሌላ ልታወርድ መሰላሉ ላይ ወጣች።

እኔና ታላቅ ወንድሜ በየዓመቱ ለንግሥ በእግራችን ወደ አንኮበር እንሄድ ነበር። ውሃ የሚይዘው እሱ ነው፤ አንዲት የወታደር ኮዳ በትከሻው አንግቶ። ዳገቱ ሲያደክመኝ ድንጋይ ላይ ያስቀምጠኛል። አባታችን ቄስ ነበሩና የጋራ ዕቃ አፍ አያስነኩንም፤ ስለዚህ ከላይ ያንቆረቁርልኛል። "አንቺ ጠጪ፤ እኔ አልጠማኝም" ይለኛል ሁልጊዜ። የተረፈውን ስመልስለት ግን ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ ጭልጥ ያደርገው ነበር። ውሸታም።

ከዚያ መነኮሰ። ከአንኮበር ቁልቁል ካለ ገዳም ገባ። ለዓለም ሞቷል ተብሎ የሙታን ጸሎት ተደገመለት። እናቴ የቄስ ሚስት ናትና ሥርዓቱን ታውቃለች፤ "ደስ ሊለን ይገባል" እያለች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከረመች። እኔ ግን ናፈቀኝ። ቢሞት አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር፤ በሕይወት ያለ ወንድምን መናፈቅ ማብቂያ የለውም።

ባለሱቋ በመጨረሻ ያወረደችው ከደረት ግራና ቀኝ ሁለት ለስላሳ ጠርሙስ የሚይዝ ነበር። ወዲያው ገዛሁት። ግራው የኔ፣ ቀኙ የሱ።

ማለዳ በውርጩ ስሮጥ ከግራው ብቻ እጠጣለሁ። ግራው ሲጎድል ቦርሳው ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ትከሻዬን ይጎትተኛል። ሯጭ ጎረቤቴ "እያፈራረቅሽ ጠጪ እንጂ" ብሎ ቢመክረኝ፣ ትከሻው የኔ ነው አልኩት።

ባለፈው ንግሥ እንደዚያው አዘንብዬ አንኮበር ደረስኩ። እዚያ አድሬ በማግስቱ ወደ ገዳሙ ወረድኩ። ቅዳሴ ወጥቷል። ሴት ከደጁ ስለማታልፍ ውጭ ቆሜ አስጠራሁት። ከስቶ፣ ፂሙ ደረቱን ሸፍኖ መጣ።

"ሰላም ነሽ እህቴ?" አለ።

ልቤ ሊዘል ሲል፣ ከኋላዬ የቆሙትን የማላውቃቸውን ሴትዮም "ሰላም ነሽ እህቴ?" አላቸው። ያን ያህል መንገድ ወርጄ የመጣሁት ለዚህ ነው ብዬ ተናደድኩ። ምን ልበለው? አንተ እንዳልለው መነኩሴ ነው፤ አንቱ እንዳልለው ወንድሜ ነው። የቀኙን ጠርሙስ መዝዤ ክዳኑን ፈታሁና ዘረጋሁለት።

"ይጠጡ፣ አባ።"

ሙሉውን ጠርሙስ አየው። ከዚያ ግራዬ ላይ የተንጠለጠለውን ባዶውን አየ። ከንፈሩ በፀሐይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

"አንቺ ጠጪ፤ እኔ አልጠማኝም" አለኝ።

አፌን ሳላስነካ ከላይ እያንቆረቆርኩ ግማሹን ጠጣሁ። የተረፈውን መለስኩለት። ተቀበለኝ፤ ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረና ጭልጥ አደረገው።