ከሐላዋው ሥር የወጡት አበቦች

ሳህኑን ሳጥብ ጣቴ ሰማያዊው ላይ ምንም አይሰማውም፤ ቀዩና ወርቁ ላይ ሲደርስ ግን ያረጀ ጠባሳ የነካ ያህል ይነቃል። ጃፓኖች ለአውሮፓ ገበያ ብለው የሠሩት፣ ፖርሴሊን የሚሉት ነጭ ሸክላ ነው፤ ሰማያዊው ከሚያብረቀርቀው ልባጥ ሥር፣ ቀዩና ወርቁ ከላዩ የተቀቡ። ይህን በየሙዚየሙ መስታወት ፊት እየቆምኩ በራሴ የተማርኩት ቆይቼ ነው። በልጅነቴ የማውቀው እናቴ ከለንደኑ ሃክኒ ገበያ በጋዜጣ ጠቅልላ እንዳመጣችው፣ ክሪሳንተመም የሚባሉትን አበቦቹን «ቀይ አደይ» እንደምትላቸውና አንዱ ቅጠል ወርቅ ሳይነካው እንደቀረ ነበር፤ ሠዓሊው ለኢፍጣር ተጠርቶ ነው ትለን ነበር።

እዚያው ለንደን አርችዌይ ሰፈር በነበርንበት ፍላት ረመዳን ሲገባ ሳህን ከበር በር ይዞራል፤ ሳምቡሳ ይዞ የሄደው ቴምር ይዞ ይመለሳል፤ የጎረቤትን ሳህን ባዶውን መመለስ ነውር ነውና። አንድ ቀን የፊት ለፊት ጎረቤታችን እትዬ ራዲያ የእናቴን ሳህን ሐላዋ ቆልለው መለሱ። እኔና እህቴ አበባው ብቅ እስኪል እየተሻማን ስንበላ፣ ብቅ ያለው ማሽን ያተመው፣ ለጣት ልሙጥ የሆነ፣ ቅጠሉ ሁሉ ወርቅ የጠገበ ሌላ አበባ ነበር። እናቴ ሄዳ በለሆሳስ ብትጠይቃቸው፣ በጎረቤት ሴቶች ፊት፣ «ዘሃራዬ፣ ሐላዋውን ጨርሰሽ ነው ሳህኑ የተለወጠብሽ? ዓይንሽን ቼክ አስደርጊ እንጂ» አሏት። ሴቶቹ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ እናቴ፣ አላህ ይማራትና፣ እስክትሞት ለማንም ሳህን አልላከችም።

ዘንድሮ እትዬ ራዲያ ሞቷን ሰምተው በኋላ በተዛወሩበት ሰፈር፣ ሰቨን ሲስተርስ፣ ቤታቸው ለኢፍጣር ጠሩኝ። ያንን ልሙጥ ሳህን ሐላዋ ቆልዬበት ሄድኩ። ያኔ የሳቁት ሴቶችም ነበሩ። ሐላዋው እየጎደለ የታተሙት አበቦች ሲወጡ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ የእናቴ ሳህን ከኋላቸው ቡፌው ውስጥ ቆሞ ነበር።

«እትዬ ራዲያ፣ ሳህንዎን ባዶውን አልመለስኩም» አልኳቸው። «አሁን የእናቴን ይስጡኝ፤ ወርቅ የጎደለው ቅጠል አለው።»

አንዲት ሴት ተነስታ ቡፌውን ከፈተች፤ ቅጠሉን አገኘችውና ሳህኑን እትዬ ራዲያ ፊት አኖረችው። እትዬ ራዲያ ልማድ ሆኖባቸው ሳህኑን ቴምር ሞልተው አቀበሉኝ። ቴምሩን እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግፌ ባዶውን ይዤ ወጣሁ።

ቴምሩ ሲዘረገፍ ያሰማው ድምፅ ዛሬም ደስ ይለኛል። ሳህኑን አድርቄ መደርደሪያው ላይ አቆመዋለሁ። ሳምቡሳ ብጠብስ ግን፣ አሁን በምኖርበት ሕንፃ በዚህ ሁሉ ኮሪደር፣ ይዤው ሄጄ የማንኳኳው በር አላውቅም።