ጋሼ አያሌውን ቡፌ ያስገፋሁበት ቀን

ዛሬ እዚሁ ፍኖተ ሰላም ጋሼ አያሌውን ያንን ትልቅ የሳሎን ቡፌ ሦስት ጊዜ አስገፋኋቸው። ትክክለኛው ቦታ የመጀመሪያው ነበር። ሁለቱ የበቀል ናቸው።

ጎረቤታችን ናቸው። በቤት ውስጥ ዲዛይን ስመረቅ ድግሴ ላይ፣ «ይህን ሁሉ ዓመት ተምረህ ሶፋ ገፊ ሆነህ መጣህ?» ብለው ሰፈሩን አሳቁብኝ። እስከ ዛሬ መጠሪያዬ እሱ ነው።

ትናንት ሚስታቸው እትዬ የሺ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ከሰውዬው ጋር ከተነጋገርን ሰነበትን። ይህን ቤት አንድ ካላልክልኝ ቋሪት ወንድሜ ጋ መሄዴ ነው።»

ዛሬ ገብቼ ሳይ ሳሎኑ ለእንግዳ ተብሎ ተሸፋፍኗል። (እንግዳው በዓመት ሁለቴ ቢመጣ ነው።) ጋሼ የሚውሉት መኝታ ቤት፣ እትዬ ማድቤት። መስኮቱን ቡፌው ደፍኖታል።

«ጋሼ፣ ይግፉት እንጂ» አልኩ። እኔ ዲዛይነር ነኝ፣ አልገፋም። እትዬ ቆመው እያዩ ጋሼ እምቢ ማለት አልቻሉም፤ መጀመሪያ ወደ ጎን ግድግዳው፣ ቀጥሎ ወደ በሩ፣ በመጨረሻ መልሰው ወደ ግድግዳው ገፉት።

መስኮቱ ሥር ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አደረግሁ። ጋሼ በላብ ተጠምቀው አንዱ ላይ ዘፍ አሉ። እትዬ ሌላው ላይ ተቀመጡና ትኩር ብለው አዩአቸው።

«ውይ! ሽበትዎ እንዲህ በዝቷል እንዴ?»

«አንቺ መቼ በብርሃን አይተሽኝ!»

ተሳሳቁ። ቋሪት መሄዱም ቀረ።

እኔ ግን አልበረደልኝም። «ነገ ደግሞ መኝታ ቤቱ ነው ጋሼ፤ ቁም ሳጥኑ ይከብዳል» ብያቸው ወጣሁ።

እናንተስ፣ በሙያችሁ ስቆ ኋላ የፈለጋችሁ ሰው አለ? ምን አደረጋችሁት?