«ስፌት ይበቃቸዋል»

ዛሬ ፒያሳ አንዲት ሴት የነከረችውን የስፌት አለላ መንገድ ዳር ስትዘረጋ ደረስኩ። ያ እርጥብ የሣር ሽታ ሳላስበው ልጅነቴን ቀሰቀሰብኝ።

መምህርት ስንዱ ቁስቋም አጠገብ መስማት የተሳነንን ልጆች ያስተምሩ ነበር። ስፌት ነፍሳቸው ነው። ጣቶቻቸው ሁልጊዜ በአለላው ቀለም እንደቀሉ ነበሩ፤ በእነዚያው ጣቶች ፊደሉንም ቁጥሩንም በምልክት አስተማሩን።

አንድ ቀን ከአንድ መሥሪያ ቤት ኮት የለበሰ ሰውዬ ሊጎበኘን መጣ። የሰፋሁትን ትንሽ ሌማት እያገላበጠ አደነቀ። ቀጥሎ ለመምህርቴ የነገራቸውን ከከንፈሩ በከፊል ብቻ ለቀምኩ፤ «ስፌት ይበቃቸዋል... ፊደል ምን ያደርግላቸዋል...»

የመምህርቴ ፊት ተለዋወጠ። ሌማቱን ከእጁ ተቀብለው አስቀመጡና ለእኔ ጠመኔ ሰጡኝ።

«ስፌት እንደምትወጂ አውቃለሁ፤ እኔም እወዳለሁ» አሉኝ በምልክት። «አሁን ግን ያሰብሽውን ጻፊለት።»

ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ «ምነው? ፊደሉ የእርስዎ ብቻ ነው?»

ሰውዬው አንብቦ አቀረቀረ። ሊወጣ ሲል መምህርቴ በሩ ላይ ቆሙ። እኔም እንድረዳ በእጃቸው ጭምር እያሳዩ፣ «ልጅቱ ጠይቃዎታለች። መልሱን ይጻፉላት» አሉት።

ጠመኔውን ወሰደና «አይደለም» ብሎ ጻፈ።

አሁንም ጉዳይ ይዤ ቢሮ ስገባ ሠራተኞቹ እኔን ትተው አብሮኝ የመጣውን ሰው ያናግራሉ። ወረቀትና እስክርቢቶ ፊታቸው አስቀምጣለሁ። ለእኔ እስኪጽፉልኝ ድረስ ከወንበሬ አልነሳም።