እማዬ «ወራጅ አለ» ያለች ዕለት

«ጎሮ! ጎሮ! ሁለት ሰው የቀረው!» የሚለውን የታክሲ ረዳት ጥሪ ዛሬም በሰማሁ ቁጥር ፈገግ እላለሁ፤ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ እናቴና እኔ ሐሙስ ሐሙስ ከገርጂ ተሳፍረን ወደ ቤት ስንመለስ፣ መውረጃችንን እያለፍን ጎሮ መጨረሻው ድረስ ሳንፈልግ የምንንሸራሸርበት ዘመን ይመጣብኛል።

ከአባቴ ቤት ወጥተን አክስቴ ዘንድ የገባነው ክረምቱ መግቢያ ላይ ነበር። አባቴ እማዬን ይመታት ነበር፤ ድምፅ ሲሰማ ደግሞ ይብስበት ስለነበር፣ እሷ ድስት ስትከድን እንኳ እንዳይንኳኳ ጣቷን ከሥር ታስገባ ነበር። ከወጣንም በኋላ ድምጿ አልመለስ አለ። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ሞት ሆነባት፤ ጎኔን ጎሸም ታደርገኝና «አንቺ በይልኝ» ትለኛለች፣ እኔ ለፍላፊዋም ሹፌሩ እስኪደነግጥ እጮህላት ነበር።

ገርጂ የምንሄደው እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰባቸውን ሴቶች የምታማክር ባለሙያ ዘንድ ነበር። አንድ ቀን እኔንም አስጠርታ ከረሜላ ሰጠችኝና «ከዛሬ ጀምሮ ወራጅ የምትለው እናትሽ ናት፤ ያንቺ የቤት ሥራ ዝም ማለት ነው» አለችኝ። ኧረ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው! መውረጃችን ሲደርስ አፌን በሁለት እጄ አፍኜ አያታለሁ፤ እማዬ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፣ ግንባሯ ላብ ያወጣል፣ ታክሲውም እልም ይላል። ያንን ሁሉ ጭቃ እየተንሸራተትን፣ እየተሳሳቅን በእግራችን እንመለስ ነበር። አክስቴ ጫማችንን አይታ «ዛሬም አለፋችሁ?» ትልና፣ ራት ላይ ስትጸልይ «ጌታ ሆይ፣ ያንን ታክሲ አስቁምልን» ብላ ትዘጋ ነበር፤ እኔ አሜኑን በሳቅ አበላሸዋለሁ።

ጭቃው ደርቆ አቧራ ሲሆን፣ በጋው ላይ፣ ሳቁ ቀነሰ። አባቴ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑ ተሰማ። ሰው አፍራ «እሺ» ብላ እንዳትመለስ ፈራሁ፤ እሷም ፈርታለች። ለአክስቴ «ታክሲ ማስቆም ያቃታት ሴት ሽማግሌ ፊት እንዴት እምቢ ትላለች?» ስትላት ሰማሁ።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ፣ ታክሲው ጢም ብሎ፣ ሬዲዮው እያንባረቀ ስንሄድ፣ «ወራጅ አለ!» የሚል ጩኸት ጆሮዬ ሥር ፈነዳ። እማዬ ናት! ሹፌሩ ሲጥ አድርጎ ያዘው፤ ረዳቱ «እናት፣ ቀስ! ሰምተናል እኮ» እያለ አወረደን። ለካ መውረጃችን ገና ነው፣ ሁለት ፌርማታ ይቀራል። «ደግሞ እንዳላልፈው ብዬ ነው» አለችና መንገድ ዳር ቆማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ሽማግሌዎቹ እሑድ መጡ። አክብራ አስተናገደቻቸው፣ ተናግረው እስኪጨርሱ ጠበቀች፣ ከዚያ «አባቶቼ፣ አልመለስም» አለች፤ እኔ ጓዳ ሆኜ ጥርት ብሎ ተሰማኝ።

ያኔ በቤታችን የማይሰማው የእሷ ድምፅ ነበር። አሁን እማዬ ስልክ ስታነሳ ግቢው በሙሉ ወሬዋን ይካፈላል፤ እኔም ኮምፒውተሬ ላይ ተደፍቼ ስሠራ፣ «እማዬ፣ ትንሽ ቀነስ አድርጊው» ልላት አፌን እከፍታለሁ፣ ከዚያ ተነሥቼ የራሴን በር እዘጋለሁ።