የእናቴን ጽዋ የተቀበሉት እንግዳ

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይላል የአገሬ ሰው። እኔን ነው የሚለው። ላሊበላ ውስጥ አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያው ላይ እሠራለሁ፤ ሥራዬ ቁልፍ መስጠት፣ ሙቅ ውኃው ለምን እንደጠፋ ማስረዳትና ፈገግ ማለት ነው። ያን ቀን ቁልፉን ሰጥቼ ፈገግ ብዬ ዝም ብል ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር።

የመጡት እንግዶች ካቶሊኮች ነበሩ፤ ከአውሮፓ፣ ሁሉም ጡረተኞች። አንድ የድሮ ንጉሣቸውን እንደ ጻድቅ ያከብራሉ። በየጊዜው እየተሰበሰቡ በስሙ ይጸልያሉ፤ ከዚያ አንዱ ተነሥቶ ስለ ሕይወቱ ትምህርት ይሰጣል፣ ሌላው ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። ሰብሳቢያቸው ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ነጭ ፀጉራቸውን እንደ ወንድ ያሳጠሩ አሮጊት ናቸው። ክርናቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስደግፈው ጠየቁኝ።

"የእናንተም ከተማ የጻድቅ ንጉሥ ከተማ ነው። በስሙ የሚሰበሰቡ ሰዎች አሉ?"

"እንዴታ፣ እናቴ አለችበት" አልኩ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

የእናቴ ማኅበር በየወሩ በንጉሣችን በቅዱስ ላሊበላ ዕለት በአንዱ ማኅበርተኛ ቤት ይሰበሰባል። ይጸለያል፣ ዳቦው ይባረካል፣ ከአንድ ጽዋ ሁሉም ጠላ ይቀምሳል። መጨረሻ ላይ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ የምንላቸው፣ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ለቀጣዩ ተረኛ ያስረክባሉ። ተረኛው ተነሥቶ በሁለት እጁ ይቀበላል፣ እልል ይባላል፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ሰማይ ቢደፋ የሚቀጥለውን የሚደግሰው እሱ ነው። ጽዋ ወደ ኋላ አይመለስም።

ያን ወር ጽዋው የሚሄደው ወደ እናቴ ነበር፤ ያውም ለዓመቱ ትልቅ በዓል። እንዲሁ ተራዋ ደርሶ እንዳይመስላችሁ። መንገድ በተዘጋበት ጊዜ ወንድሜ የጭነት መኪና ይዞ እንደወጣ ድምፁ ጠፋ። እናቴ ንጉሡ ደጅ ወድቃ "ልጄን በእግሩ አስገባልኝና ዓመት በዓልህን በቤቴ፣ በእጄ ደግሼ አከብርልሃለሁ" ብላ ተሳለች። ወንድሜ ከስቶና ጢሙ ጎፍሮ፣ ግን በእግሩ ገባ። አሁን ሙጃ ከተማ ነው የሚኖረው፤ ቦርጭ ሁሉ አውጥቷል። ስለቱ ግን እንደተንጠለጠለ ቀረ፤ የዓመት በዓሉ ተራ የሌላ ሰው ነበርና። ባለተራዋን ለመነቻቸው፣ ሽማግሌ ላከችባቸው፣ በመጨረሻ አኮረፈቻቸው፤ እሱ ነው የሠራላት። ብቅሏ ደርቆ፣ ጌሾዋ ተወቅጦ፣ ጽዋውን ብቻ ትጠብቅ ነበር።

ሙሴው ሽማግሌ ቄስ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፣ ምላሳቸው ግን ደህና ነው። ሄጄ አስፈቀድኳቸው።

"አባ፣ እንግዶቹ ካቶሊክ ናቸው። ማኅበሩን ቢያዩት ምን ይመስልዎታል?"

"ንጉሥ አላቸው አላልሽም?"

"አላቸው።"

"ይጾማል?"

"መቼም ሳይጾም አይቀርም።"

"እንግዲያ ይምጡ። ቀድሱልን አላሉ፤ ዳቦ ቢቀምሱ ምን ይሆናል" አሉ።

በዕለቱ ሌሎቹ ይምርሐነ ክርስቶስን ሊያዩ ሄዱና የቀሩት ሰብሳቢዋ ብቻ ሆኑ። ራሳቸውን ሳይሸፍኑ ገብተው እንዳያሳፍሩኝ የእናቴን ትርፍ ነጠላ አከናነብኳቸው። "እኛ ዘንድ የሚሰጥዎትን ሁሉ በሁለት እጅ ይቀበሉ፤ በአንድ እጅ ነውር ነው" ብዬም አስጠናኋቸው። እኔው ነኝ ያስጠናኋቸው፤ ይሄን ያዙልኝ። ከዚያ በክብር ቦታ፣ ከእናቴ ጎን አስቀመጥኳቸው።

ጸሎቱ አማረ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጽዋው ዞረ። ከዚያ እንግዳዬ ስለ ንጉሣቸው ትምህርት ልስጥ ብለው ብድግ አሉ። መነጽራቸውን አደረጉና ወረቀታቸውን ዘረጉ፤ እኔ አጠገባቸው ቆሜ አስተረጉማለሁ።

መጀመሪያ ላይ ሰው በጣም ወደደላቸው። ንጉሡ ጦርነት ይቁም ብሎ የለመነ ሰው ነበር ሲሉ ሽማግሌዎቹ "ደግ፣ ደግ" አሉ። ዙፋኑን አጥቶ በሰው አገር፣ በድህነት ሞተ ሲሉ ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔም ኩራት ኩራት አለኝ። ይሄኔ ነው ከኩልመስክ በኩል የሚመጡ አንድ ገበሬ ማኅበርተኛ እጃቸውን ያወጡት።

"ስንት ቤተ ክርስቲያን አነጸ?"

አስተረጎምኩ። እንግዳዬ ትንሽ አሰቡ። "አላነጸም።"

"አንድም?"

"አንድም።"

እኛ ከተማ ንጉሥ ማለት ከአለት ላይ ቤተ ክርስቲያን ፈልፍሎ የሚያወጣ ሰው ነው። አንድ እንኳ ያላነጸ ንጉሥ እንዴት ይጸድቃል? ገበሬው ግን ደግ ሰው ናቸው፤ እንግዳ ማሳፈር አልፈለጉም።

"ባገሩ ድንጋይ የለ ይሆናል" አሉ በሐዘኔታ።

"ድንጋይ ላጣ ሰው ምን ይፈረድበታል" አለች እናቴ። ሁሉም ተስማማ። እንግዳዬ ምን አሉ ብለው ሲጠይቁኝ "ደግ ሰው ነበር አሉ" አልኳቸው፤ እሱን ብነግራቸው መልሱ ሌላ ትምህርት ይወጣዋል።

ሳልነግራቸውም አላለቀ። የንጉሡ ልጅነት መጣ፣ ጋብቻው መጣ፣ ልጆቹ በየተራ መጡ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ሰበሩ፤ ሙሴው ለይቶላቸው ተኙ። የእናቴ እግር ደነዘዘ። እኔም ገጹን ሙሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስተርጎም ጀመርኩ።

እንደ ምንም አለቀና እንግዳዬ ተቀመጡ። ሙሴው ድንግጥ ብለው ነቁ። ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው "ተረኛዋ ትነሣ" እያሉ ወደ ሴቶቹ በኩል መጡ። እናቴ መሬቱን በእጇ ተደግፋ ለመነሣት ትታገላለች፤ እግሯ እምቢ አላት። እንግዳዬ ደግሞ አንድ ቄስ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ነገር ይዘው ወደሳቸው ሲመጡ አዩ። የትምህርቱ ምስጋና መስሏቸው በደስታ ብድግ አሉ፣ የእናቴን ነጠላ እንደተከናነቡ፣ እጃቸውን ዘረጉ። ሁለቱንም።

ሙሴው ነጠላውን አዩ፣ ሁለት እጅ አዩ፣ ሰጡ። በሩ አጠገብ ያሉት ሴቶች እልልታውን አቀለጡት፤ ግማሽ ላይ ሲደርሱ የማን ፊት እንደሆነ አይተው ቀጥ አሉ። አበስኩ ገበርኩ።

ክርክሩ ተጀመረ። አንዱ "የማታምን ሴት እጅ ላይ ጽዋ አይጸናም" አለ። ሌላው "እልል ከተባለ ጸንቷል" አለ። ሙሴው ተሳስተዋል ብሎ የሚደፍር ግን አልነበረም፤ ባለፈው ፋሲካ ምሰሶ ሰላም ማለታቸውን ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አያነሣም። እሳቸውም "አይቼ ነው የሰጠሁት። የተቀበለ ይደግስ" ብለው ዘጉት። ቤት ስንደርስ እናቴ ነጠላዋን እያጠፈች "ስለቴን አስወሰድሽብኝ" አለችኝ። በዱላ ብትፈነክተኝ ይሻለኝ ነበር።

ለእንግዳዬ ነገሩን ስነግራቸው ስቀው ጽዋውን ይመልሳሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም። ጽዋውን ጭናቸው ላይ እንዳስቀመጡ "በኛም ማኅበር የተቀበለ አይመልስም። ምን ምን ነው የሚዘጋጀው?" አሉኝ። ጓደኞቻቸው ወደ አገራቸው ሲበሩ እሳቸው ሻንጣቸውን ይዘው እኛ ቤት ገቡ። "ንጉሣችን ስደትን ችሏል፤ እኔም የአንድ ወር እችላለሁ" አሉ። ቤታችን ስደት መባሉ ትንሽ ከንክኖኛል።

እናቴ እንግዳ አታባርርም። ቤቷን ሰጠች፣ ብቅሏንና ጌሾዋን ሰጠች፣ እጇን ግን አልሰጠችም። "የሰው ጽዋ ውስጥ እጄን ብከት ንጉሡን ማታለል ነው። በእጄ ነው የተሳልኩት" አለችና በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጣ፣ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። እኔ ከሥራ መልስ አዛለሁ፣ እንግዳዬ ይሠራሉ። ጥንስሱን ራሳቸው ጠነሰሱ፤ ጌሾውን ሲያሸቱ ሁለት ጊዜ አስነጠሳቸው። እናቴ ከበርጩማዋ ላይ ሆና ጥርሷን ታፋጫለች።

ጋኑን ማጠን ላይ ነው ነገር የፈነዳው። ጠላው ጥሩ ሽታ እንዲኖረው ጋኑ በወይራ ጭስ ይታጠናል። አጥኜ ውኃ ልቀዳ ወጣሁ፤ እንግዳዬን ማስጠንቀቅ ረሳሁ። ከጓዳ ሲመለሱ ጋኑ አፍ ላይ ጭስ አዩ። ቤቱ ተቃጠለ ብለው ባልዲ ሙሉ ውኃ ገለበጡበት።

እናቴ ከበርጩማዋ ስትነሣ እግሯ አልደነዘዘም። "አንቺ ሴት፣ ጋኔ ምን በደለሽ?" አለች። እንግዳዬም ባገራቸው ቋንቋ፣ ጣሪያውን እያሳዩ፣ የሚሉትን አሉ። እናቴ ወይራውን አነሣችና አፍንጫቸው ሥር አስጠጋች፤ እሳቸው ባልዲውን ወደሷ ገፉ። እኔ ስደርስ ሁለቱም ቀልተው ነበር። አንድ ቃል አላስተረጎምኩም፤ አላስፈለገም። እናቴ ጋኑን ቀማቻቸው፣ አደረቀችው፣ እንደገና አጠነችው። እጇ ገባ ማለት ነው፤ ከገባም በኋላ አልወጣም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከማለዳ እስከ ማታ አብረው ይሠራሉ፣ አብረው ይጨቃጨቃሉ። እናቴ "እቴ" ትላቸዋለች፤ እሳቸውም ስሟ መስሏቸው እናቴን "እቴ" ይሏታል።

ማታ ማታ ግን እናቴ ታጉረመርማለች። "እንግዲህ የሰው ድግስ ነው የማግዘው። የኔ ስለት እንደሆን እንደተንጠለጠለ ነው።"

"እማ፣ አሁን በቃሽ" አልኳት አንድ ቀን፤ ንዴቴ ቅርብ ነው።

"ልጅ ሳትወልጂ አይገባሽም" አለችኝ። እንግዳዬ ምን እንዳለች ጠየቁኝ፤ የወንድሜን ነገርና ስለቷን ነገርኳቸው። ከንጉሡ ሥዕል ጎን የተሰቀለውን የወንድሜን ፎቶ ቆመው ሲያዩ ቆዩና እሳቸውም የልባቸውን አወጡልኝ። ማኅበራቸው ያ ንጉሥ ጻድቅ ነው ተብሎ እንዲታወጅ ለዘመናት ሲጸልይ ኖሯል። "ሳልሞት ባየው" አሉ። እዚህ የቀሩትም ለዚህ ጭምር ነው፤ ባለ ጽዋ በበዓሉ ላይ ጉዳዩን ለኛው ንጉሥ እንደሚናገር፣ ማኅበሩም እንደሚጸልይለት ሰምተው ነበር።

በዓሉ ደረሰ። ዘንድሮ የሐዋርያት ጾም ውስጥ ነው የዋለው፤ እንግዳዬ ቅቤ የሌለበት ድግስ እንዴት ድግስ ይባላል ብለው ሲገረሙ ነበር። ወንድሜ ከሙጃ አንድ ጆንያ ምስር ተሸክሞ መጣ። ቤቱ ሞላ፣ ጠላው ተመሰገነ፣ ሙሴው ሁለት ጊዜ አስደገሙ።

በመጨረሻ "ባለ ጽዋዋ ትነሣ፣ ጉዳይዋን ትናገር" አሉ ሙሴው። እንግዳዬ ተነሥተው ወረቀታቸውን አወጡ። ወረቀቱን ያየ ሁሉ እግሩን አመቻቸ። ሙሴው ወደኔ ዘንበል ብለው "ባጭሩ በያቸው፣ ልጄ" አሉኝ።

እናቴ አንገቷን ደፍታ ነጠላዋን ትጎነጉናለች። እንግዳዬ አዩዋት። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ጎንበስ ብለው እናቴን በሁለት እጃቸው ይዘው አስነሷት።

"ድግሱ የእሷ እጅ ነው። ጉዳዩንም እሷ ትናገር ብለሽ ንገሪያቸው" አሉኝ።

ነገርኳቸው። ሙሴው ጢማቸውን አሻሹ። "ባለ ጽዋዋ ካለች፣ ብላለች" አሉ።

እናቴ ወንድሜን በዓይኗ ፈለገችው፤ በሩ አጠገብ ቆሞ ዳቦ ያላምጣል። "ልጄን በእግሩ አስገብተህልኛል" አለች ወደ ንጉሡ ሥዕል ዞራ። "ስለቴን አመጣሁልህ። ዘግይቻለሁ፣ አትቀየመኝ።"

ሙሴው አቡነ ዘበሰማያት ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ እጇን አነሣች።

"አልጨረስኩም አባ። ይቺም እህቴ ጉዳይ አላት። ድንጋይ አጥቶ ቤተ ክርስቲያን ሳያንጽ የሞተ ንጉሥ አላት፤ ያውም በሰው አገር የሞተ። አንተም ንጉሥ ነበርክ፣ የንጉሥ ችግር አይጠፋህም። ካለህበት ጠጋ በልና ቦታ ስጠው።"

አንድ ሰው ከኋላ "ካቶሊክ ነው'ኮ" ብሎ አንሾካሾከ። ሙሴው ዞር አሉ። "ስደተኛ ነው የተባለው" አሉና አቡነ ዘበሰማያት ጀመሩ። ቤቱ በሙሉ ተቀበላቸው።

እንግዳዬ ምን እየተባለ ነው ብለው ክንዴን ያዙ። "ለንጉሥዎ ቦታ እየለመኑለት ነው" አልኳቸው። እሳቸውም እናቴ ጎን ተቀመጡ።

ሙሴው ጽዋውን ሸፍነው መጡ። በዚህኛው ጊዜ የያንዳንዷን ሴት ፊት በቅርብ እያዩ "አንቺ ማን ነሽ?" ይላሉ። እንግዳዬ ሲያዩዋቸው ሁለት እጃቸውን ከጭናቸው ሥር ከተው ተቀመጡበት። እንባቸው ይወርዳል፤ መጥረጊያ እጅ የላቸውም። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላቸው።